ዕረፍቱን የጠራው ማን ነው

እንደ ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ተደውሎ የችሎቱ ዕረፍት ማብቃቱ ሲነገር፣ አንድ ወጣት እጁ እስከ ክርኑ ደም ነክቶት ከአዳራሹ ጀርባ ብቅ አለ። ምንይሉ ይባላል፤ በነፍስ ግድያ የተከሰሰው የቢተው ታናሽ ወንድም ነው። አዛውንቱ ምስክር ተገድለው መውደቃቸውን ለመናገር አፉን ሲከፍት ከከሳሽ ወገን የመጀመሪያው ዱላ አፉ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጀርባውን አገኘው። ከወደቀ በኋላ ማን እንደረገጠው፣ ማን እንዳልረገጠው መለየት አይቻልም። ፖሊሶች እግሩን ይዘው እየጎተቱ ወደ አዳራሹ ሲያስገቡት ሁለት ጥርሱ ደጅ ቀርቷል።

በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። ወዲያው ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ መዝነብ ጀመረ።

ዕረፍቱ ሊያበቃ ሲል ደርሳ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቅ የነበረች አንዲት ሴት ተነሣች። ኢንስፔክተር አያልነሽ ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ አጋም በር የመጣችው ከሰዓት በኋላ በሚታይ የበግ ስርቆት ክስ ምስክርነቷን ሰጥታ ለመመለስ እንጂ ሬሳ ለማየት አልነበረም። አጠር ወፈር ያለች፣ ሲያዩዋት ሽንኩርት ስንት ገባ ብላ የምትጠይቅ የምትመስል ሴት ናት። ስንቱ ነፍሰ ገዳይ በዚህ መልኳ ተታሎ አፉን ፈትቶላታል። ለዳኛዋ ለወይዘሮ እየሩስ ጎንበስ ብላ ሁለት ቃል ተናገረችና በዳኞች በር በኩል ወደ ጀርባ ወጣች።

አዛውንቱ ወሰኔ በሽንት ቤቱና በማገዶ ክምሩ መካከል በጀርባቸው ተንጋለዋል። ራስ ቅላቸው ከጆሯቸው በላይ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ በአንገታቸው ወርዶ ጋቢያቸውን አርሶታል፤ ጭቃው ላይ የፈሰሰው ረግቶ ጠቁሯል። ከጎናቸው ጫፉ ብረት የለበሰ የወይራ ዱላ ወድቋል፣ ብረቱ ላይ ሽበት ተለጥፎበታል። የተመቱት አንዴ አይደለም። አንዱ ምት ለመጣል ይበቃ ነበር፤ የቀረው የተጨመረው ዳግም እንዳይናገሩ ነው።

አያልነሽ ግን ብዙ ያየችው ቁስሉን ሳይሆን ፊታቸውን ነው። ዓይናቸው ተከድኗል። ሁለቱ እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተደራርበዋል፣ እግራቸው ተገጥሟል። እንዲህ ተመትቶ የወደቀ ሰው በራሱ እንዲህ ሆኖ አይተኛም።

«ዱላው የምንይሉ ነው» አላት አብሯት የወጣው፣ የአዳራሹን በርና ከጀርባ ያለውን የምስክሮች ክፍል የሚጠብቀው ፖሊስ ስንታየሁ። «አገር ያውቀዋል። ነገሩ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ያለቀ ነገር አልወድም» አለች አያልነሽ። «ደሙን እየው። አሁን የፈሰሰ ይመስላል?»

ስንታየሁ ጎንበስ ብሎ አየ። የሱሪ ኪሱን በውጭ በኩል ጨብጦ፣ ውስጡ ያለ አንድ ነገር እንዳይንሿሿ የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ቀን አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት አንዷለም የሚባል ገበሬ ጓሳ በሚባለው የጋራ የሣር ሜዳ ላይ ራሱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የጓሳ ሣር የሚከለልበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ማጭድ ይዞ የገባ ሰው በአገር ሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ መሄድ ይቸግረዋል። አንዷለም ሣሩን እንዲጠብቁ ከተመረጡት አንዱ ነበር። በሞተበት ዋዜማ ከቢተው ጋር በበግ ተጣልቷል፤ የሟች ወንድም መኳንንት ደግሞ ቢተው ከስፍራው ሲሮጥ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ቢተው ታሰረ፣ ክርክሩ ተጀመረ፣ ከዚያ አላልቅ አለ።

ተዘዋዋሪው ችሎት አጋም በር ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። በመጣም ጊዜ አንዴ ዐቃቤ ሕጉ ይታመማል፣ አንዴ መንገዱ በጭቃ ይዘጋል። ከሁሉ የባሰው ግን ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር አለመቅረባቸው ነበር። አዛውንቱ ወሰኔ በዚያን ቀን በፈረስ ሆነው ጓሳን ሲጠብቁ የዋሉ ሰው ናቸው። መጥሪያ ሲሄድላቸው ታመዋል፤ ሌላ ጊዜ ለቅሶ ሄደዋል፤ ሌላ ጊዜ ፈረሳቸው አንክሷል። እያንዳንዷ ሰበብ አንድ ቀጠሮ ወለደች፣ ቢተውም በየቀጠሮው መካከል ወህኒ ቤት ክረምትና በጋ አፈራረቀ። ሰው እንዲህ ያለውን መጓተት እንዴት እንደሚለምደው ይገርማል። አጋም በሮች በመጨረሻ ስለ ክርክሩ ማውራት ትተው፣ ዕረፍት መቼ እንደሚወጡና ሻይ የት እንደሚጠጡ ብቻ የሚያወሩ ሆኑ።

ዕረፍቱ ታዲያ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች በአንድ በር እኩል አይተላለፉም። ዳኛዋ ዕረፍት ሲሉ መጀመሪያ የሟች ወገን ይወጣል፤ የተከሳሽ ወገን የሚለቀቀው እነዚያ ወደ ሻይ ቤቱ ካለፉ በኋላ ነው። ሁሉም ሲገቡ ዱላቸውን ከበሩ ውጭ ያስደግፋሉ፣ የሟች ወገን በቀኝ፣ የተከሳሽ ወገን በግራ። ይህን ማንም ጽፎ የለጠፈው የለም፤ የጣሰውም አልነበረም።

አያልነሽ ወደ ውስጥ ስትመለስ የአንዷለም ዘመዶች ለቤት ክዳን የታጨደ የጓሳ ሣር በሸክም እያመጡ ከአዳራሹ በር ላይ ይከምሩ ነበር። አንዱ ከባጃጁ ቤንዚን በጀሪካን ቀድቷል። መልእክታቸው አጭር ነው፦ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ምንይሉ ካልወጣላቸው አዳራሹን ከነሰዉ ያቃጥሉታል። ከመሐል ሜዳ ከተማ የተጠራው ተጨማሪ ኃይል ገና መንገድ ላይ ነው። እዚያ ያሉት ፖሊሶች ሦስት ናቸው፣ ደጅ ያለው ሕዝብ ግን አደባባዩን ሞልቶታል።

«ልጁን ማዳን ይቻላል?» አሏት ዳኛዋ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ገዳዩን ካገኘሁ ይቻላል። አለዚያ ያርዱታል» አለች አያልነሽ።

ከችሎቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ቢሮ ያዘችና በዚያ ዕረፍት ከአዛውንቱ ጋር ጉዳይ ሊኖራቸው የሚችል አራት ሰዎችን አንድ በአንድ ጠራች።

ምንይሉ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቃሉ በደም እየታጠበ ነው የሚወጣው። እንደነገራት ከሆነ ያን ሁሉ ዕረፍት እሱና ወገኖቹ ከአዳራሹ አልወጡም፤ በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው ነበር። ቸርኬው ሊደወል ሲል ተከፍቶ ሽንታችሁን ሸንታችሁ ተመለሱ ተባሉ። ሲወጣ ዱላው ካስደገፈበት የለም። ማን ወሰደው እያለ ሲዞር አዛውንቱን አገኛቸው፣ በሕይወት ያሉ መስሎት ራሳቸውን ከመሬት ቀና አደረገ።

«ዓይናቸውን የከደንከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ሳገኛቸው ተከድኖ ነው። እናቴን ጠይቋት፣ ተቆልፎብን ነበር።»

አያልነሽ ደም የነካውን እጀጌውን ያዘችና በጣቷ ዳሰሰችው። ጨርቁ ላይ የተለጠፈው የረጋ ደም ነው፤ ፍንጣሪ የሚባል ነገር የለበትም። ስንታየሁን ቀና ብላ ብታየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በሩን እንደወትሮው ከፍቼ አስወጥቻቸዋለሁ አለ፤ ቆልፎ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ደግሞ ሕዝብን መቆለፍ ክልክል ነው አላት። ክልክል መሆኑንማ እሷም ታውቃለች።

የቢተው ጠበቃ ኃይለ ኢየሱስ ቀጥሎ ገባ። በዕረፍቱ ከሁለቱም ወገን ተለይቶ ብቻውን የዋለው እሱ ነው፤ የአዛውንቱ ቃል ደግሞ ደንበኛውን ያሰቅላል ተብሎ ይፈራ ነበር። ደጅ ያሉት ከምንይሉ ቀጥለው የእሱን ስም ያነሡ ጀምረዋል። ኔትወርክ ፍለጋ ከፊት ለፊት ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ለሚስቱ ሲደውል እንደነበር ነገራት። ሕዝቡ ሁሉ ሲያየውና ሲሰድበው ስለነበር ይህን ማጣራት ብዙ አልደከመም።

«ጠዋት ከአዛውንቱ ጋር ስታወራ ታይተሃል» አለችው።

ጠበቃው ላቡን ጠረገ። «ያወሩኝ እሳቸው ናቸው። ከፈረስ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ምን ብለው እንደጠየቁኝ ያውቃሉ? ‹ቢተው ከስቷል ወይ?› አሉኝ። ከስቷል አልኳቸው። ፈረሳቸውን ተደግፈው ቆዩ፣ ከዚያ ሄዱ። የከሳሽ ምስክር እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።»

«ዕረፍቱስ በሰዓቱ ነበር?»

አልነበረም። ዳኛዋ ዕረፍት የሚሰጡት የአንድ ምስክር ቃል ሲያልቅ ነው። ዛሬ ግን ሐኪሙ የአንዷለምን ቁስል እየዘረዘረ ገና መሀል ላይ ሳለ የሟች ሚስት ጌታነሽ ጮኻ ወደቀች፣ ችሎቱም ሳይታሰብ ተቋረጠ።

መኳንንት ሲገባ አንገቱን ደፍቶ፣ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ነው። በመንዝ ብርድ ከሸሚዝ በላይ ያልደረበ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ጥርሱ ይንቀጠቀጣል፣ በርዶህ እንደሆነ ስትለው ግን አልበረደኝም አላት። ንግግሩ የተሰናዳ ነው። የወንድሙን ሚስት ተሸክሞ አወጣት፣ ሣሩ ላይ አስተኛት፣ በርኖሱን አውልቆ ደረበላት፣ ከአጠገቧም ንቅንቅ አላለም። ሰው ሁሉ አይቷል።

«አዛውንቱን ታውቃቸዋለህ?»

«የአገር ሰው ናቸው፣ እንዴት አላውቅም።»

«ዘመድህ ናቸው?»

«አይደሉም» አለ። «ኢንስፔክተር፣ ወንድሜን ገደሉ፣ አሁን ደግሞ ምስክሩን። ደጅ ያለውን ሰው እኔ ልይዘው አልችልም። ልጁን አውጡትና ይለቅ።»

መጨረሻ የገባችው ጌታነሽ ናት። ቀጭን፣ ዓይኗ የጎደጎደ ሴት፣ የመኳንንትን ጥቁር በርኖስ እስከ አንገቷ ተጠቅልላለች። ከሥሩ ነጭ ነጠላዋ ጥቁር ጥለቱ ብቻ ይታያል። ችሎት መሀል በመውደቋ አፍራለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀጠሮ ቀርታ እንደማታውቅ፣ ፍርዱን ሳትሰማ ሐዘኗን ላታወጣ መማሏን ነገረቻት።

«ከወደቅሽ በኋላ ምን ታስታውሻለሽ?»

«ብዙ አላስታውስም። መኳንንት ውሃ ላመጣ ብሎ ሄደ አሉኝ። ውሃ የሰጠኝ ግን የለም። ዓይኔን ስገልጥ በርኖሱን አልብሶኝ አጠገቤ ቁጭ ብሏል።» ዕንባዋ መጣ። «እሱም እኮ ዛሬ አባቱን ነው ያጣ። አባባ ወሰኔ የክርስትና አባቱ ናቸው። ልጅ ስላልነበራቸው እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት።»

አያልነሽ የሴትዮዋን ትከሻ መታ መታ አድርጋ ተነሣችና ወደ ዳኛዋ ሄደች። ሁለት ነገር ለመነች፦ ሁሉም በየቦታው እንዲቀመጥ፣ የአዳራሹ መስኮቶችም ለደጁ ሰው እንዲከፈቱ።

መስኮቶቹ ሲከፈቱ የቤንዚኑ ሽታ ቀድሞ ገባ። ዳኛዋ በወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። ቢተው እጁ በካቴና እንደታሰረ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሟል። በግራ በኩል እናቱ ይዘንጋሽ የምንይሉን የተፈነከተ ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል መኳንንትና ጌታነሽ ከዘመዶቻቸው ጋር አሉ። ደጅ የቆሙት ሰዎች ራስ በየመስኮቱ ተደራረበ፤ ከመካከላቸው አንዱ ክብሪት ይዟል።

«አላቆያችሁም» አለች አያልነሽ። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ዕረፍቱን የጠራው ማን ነው?»

ዳኛዋ እኔ ነኝ አሉ።

«እርስዎ ፈቀዱት፣ ክብርት ዳኛ። የጠራው ሌላ ነው። ዛሬ ዕረፍት የሚወጣበትን ሰዓት ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም በሰዓቱ አልወጣም። ገዳዩ ግን ተዘጋጅቶ ጠብቆታል። በሩ እንደተከፈተ የምንይሉን ዱላ ከግራ በኩል አነሣ። የምስክሩ ክፍል ደጃፍ ላይ ጠባቂ አልነበረም። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ አይሆንም። ስንታየሁ፣ ና ወደዚህ። ኪስህ ውስጥ ያለውን አውጣ።»

ስንታየሁ መጣ። ከኪሱ ቁልፉ የተንጠለጠለበት ጓጉንቸር አውጥቶ የዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ስትዋሽ ይህ ልጅ ሊቃጠል ነው» አለችው።

«ቆልፌባቸዋለሁ» አለ ስንታየሁ። «ሴትዮዋ ስትወድቅ ጠበል አምጣላት፣ ትሞትብናለች ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ላከኝ። ምስክሩን ትቼ ሄድኩ። የተከሳሽ ወገን እንዳይወጣና እንዳይጋጩ ብዬ ቆለፍኩ። የከፈትኩት ስመለስ ነው፣ ቸርኬው ሊደወል ሲል። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነው የደበቅሁት።»

«ማን ላከህ?»

«መኳንንት።»

በመስኮቶቹ የተደራረቡት ራሶች ወደ መኳንንት ዞሩ። አያልነሽ ወደ መኳንንት አልዞረችም፤ ለደጁ ሰው ነበር የምትናገረው።

«እንግዲህ የተከሳሽ ወገን በሙሉ ተቆልፎበት ነበር። ምንይሉ ዱላውን ሊያነሣ አይችልም፤ ዱላው ደጅ፣ እሱ ውስጥ ነው። ዱላው አጠገብ ቀድሞ የሚደርስ የሟች ወገን ብቻ ነው፣ ሥርዓታችሁ እንደዚያ ነውና። የምንይሉ እጀጌ ላይ ያለውም የረጋ ደም ነው። ደሙ እስኪረጋ ድረስ አዛውንቱ ብዙ ተኝተዋል። ጠበቃውን ደግሞ እናንተው ጉብታው ላይ ስትሰድቡት ነበር።»

«ቀጥሎ ሬሳውን አየሁ። ገዳዩ ራሳቸውን ከፈለጠ በኋላ አልሮጠም። ቁጭ ብሎ ዓይናቸውን ከደነ፣ እጃቸውን አጣመረ፣ እግራቸውን ገጠመ። ጠላት ይህን አያደርግም። ጠላት ጥሎ ይሄዳል። በዚህ አገር የሰው ዓይን የሚከድነው ልጅ ነው፣ አዛውንቱም የወለዱት ልጅ የላቸውም። የክርስትና ልጅ ግን ነበራቸው። ዘመድህ ናቸው ወይ ብዬ ስጠይቀው አይደሉም ብሎ ካደኝ። የክርስትና አባቱን በሞቱበት ሰዓት የሚክድ ሰው ምን ፈርቶ ነው?»

መኳንንት ተነሣ። ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ከአጠገቡ ያሉት ዘመዶቹ ግን ገና ሳያስቡት ከእሱ ራቅ ብለው ተቀምጠው አገኛቸው።

«ለምን ገደላቸው?» አለ ከመስኮት አንድ ሽማግሌ።

«ክርክሩ ሦስት ዓመት የፈጀው በእሳቸው ምክንያት ነው። አልመጡም። በሐሰት ሊመሰክር የፈለገ ሰው በመጀመሪያው ቀጠሮ መጥቶ ተናግሮ ይገላገል ነበር። እውነቱን ለመናገር የቆረጠም እንዲሁ። እሳቸው ሁለቱንም አልቻሉም። በሐሰት ቢምሉ ንጹሕ ሰው ይሞታል፣ እውነቱን ቢናገሩ ልጃቸው ይሞታል። ስለዚህ ታመምኩ፣ ፈረሴ አነከሰ እያሉ ጊዜ ገዙ። ዛሬ ሳይያዙ፣ ሳይገደዱ በራሳቸው ፈረስ መጡ። መጥተው የጠየቁት ቢተው ከስቷል ወይ ብለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊያሰቅለው አልመጣም፣ ሊያወጣው ነው የመጣው። ሲመጡ ደግሞ ያየ ሰው ሁሉ አውቋል፤ መኳንንትም አውቋል።»

ከዚያ ወደ ጌታነሽ ሄዳ ፊት ለፊቷ በርከክ አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እኅቴ፣ ብዙ ቀጠሮ ተቀምጠሽ ስለ ቁስሉ ሰምተሻል። ወድቀሽ አታውቂም። ዛሬ ምን ሆንሽ?»

ጌታነሽ ከንፈሯ ደረቀ። «ከኋላዬ ነበር የተቀመጠው። ጠዋት ዳኛዋ እንዲያዝኑልን፣ ትከሻሽን ስነካሽ ጩኺ ብሎኝ ነበር። ነካኝ። መጀመሪያ የጮኽኩት ለይስሙላ ነው። ከዚያ ግን የእውነት ሆነብኝ።»

«በርኖሱን አውልቂው።»

ጌታነሽ ያልገባት ይመስል አየቻት። በርኖሱን ከትከሻዋ አንሸራታ ጣለችው። ነጭ ነጠላዋ ከአንገቷ እስከ ወገቧ በደም ተነክሯል። ጥቁሩ ሱፍ የደበቀውን ደም ነጩ ጥጥ ጠጥቶት ነበር። ሴትዮዋ የራሷ ቁስል መስሏት ደረቷን ዳበሰች፤ ምንም ቁስል አጣች። ከዚያ እጇን አየችው፣ ቀጥላ መኳንንትን።

«የማን ደም ነው ያለበስከኝ?» አለችው።

መኳንንት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ምን እንደሚሉ ልሰማቸው ነው የሄድኩት» አለ። «አባባ ይተዉኝ አልኳቸው። አለቀስኩ። ‹ሦስት ዓመት አላስቀደስኩም፣ ዛሬስ እውነቱን ተናግሬ ልቁረብ› አሉኝ። ተነሥተው ወደ ችሎቱ ሊሄዱ ሲሉ መታኋቸው።»

«አንዷለምንስ?»

«ሣር ሳጭድ ያዘኝ። በተከለለበት ጊዜ። ወንድሜ ነህ ብዬ ለመንኩት፣ ነገ ሽማግሌ ፊት ትቆማለህ አለኝ። ለአንድ ሸክም ሣር። ተናድጄ ነው። ሲወድቅ የሚሞት አልመሰለኝም። አባባ ከፈረሳቸው ላይ ሆነው አይተዋል።»

ጌታነሽ ጮኸች። ይህኛው ጩኸት ማንም ያላዘዘው ነበር። ዘላ ፊቱን በጥፍሮቿ ያዘችው፣ ከቅንድቡ እስከ አገጩ ቆዳውን ገሸለጠችው። እሱ እጁን አላነሣም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎኗ ተቀምጦ አይዞሽ ሲላት የነበረውን ፊት ነው የምትቦጫጭቀው፣ ፖሊሶች ጎትተው እስኪያላቅቋት ድረስ።

ደጅ ያለው ሕዝብ ግን ከዚህ የባሰ ነገር አሰበ። ወንድሙንና የክርስትና አባቱን የገደለ ሰው ማለት ለዚያ አገር ስም የማይገኝለት ርኩሰት ነው። ሊያቃጥሉት የመጡትን ልጅ ረሱት። በሩን በትከሻ ገጩት፣ መቀርቀሪያው ተሰነጠቀ፣ የራሱ የአጎት ልጆች ዱላ እንደያዙ ገቡ። አንዱ ዱላ መኳንንት ትከሻ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። አያልነሽ ሽጉጧን መዛ ቆርቆሮውን በጥይት በሳችው፤ ሰዎቹ ለአፍታ ቆሙ እንጂ ወደ ኋላ አላሉም። ሁለተኛ ብትተኩስ ወደ ሰው መሆኑን እሷም እነሱም ያውቃሉ።

ያን ጊዜ ይዘንጋሽ ተነሡ። የምንይሉን ራስ ከጭናቸው ላይ አውርደው፣ ሦስት ዓመት ማንም ያልተሻገረውን የመካከል መተላለፊያ ተሻግረው ከመኳንንት ፊት ቆሙ። ጎበጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። ዱላውን ዳግም ያነሣው ጎረምሳ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ዞር በሉ እማማ» አላቸው።

«አልዞርም» አሉ ይዘንጋሽ። «በየቀጠሮው ከቤቴ በእግሬ መጥቻለሁ። ዛሬ ይለቁልኛል እያልኩ ስንቅ ይዤ መጥቼ፣ ለሌላ ቀን ተቀጠረ ሲሉኝ ብቻዬን ተመልሻለሁ። ልጄ እዚያ ውስጥ ሸብቷል። አሁን እናንተ በአንድ ዱላ ልትጨርሱለት? ለእሱማ ያጥርለታል። ይቀጠርለት። ዛሬ ሐኪም ቀረ፣ ዛሬ መንገድ ተዘጋ ይበሉት። ማታ ማታ ነገ ምን ይሉኝ ይሆን እያለ ይተኛ። ልጄ የጠበቀውን ያህል ይጠብቅ።»

ጎረምሳው ዱላውን ቀስ ብሎ አወረደ፤ ከኋላው ያሉት አንድ በአንድ ወደ ደጅ መውጣት ጀመሩ። ጌታነሽ በደም የተነከረ ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ ቀኝ ወገን አልተመለሰችም። ሄዳ ከምንይሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም ተነሺ አላላትም።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ በቢተው ላይ ያቀረበውን ክስ ማንሣቱን ተናገረ። ዳኛዋ የመፍቻ ትእዛዙን ለመጻፍ ብዕር ሲያነሡ አንዱ ሠራተኛ ሰዓቱ መድረሱን፣ ለምሳ መነሣት እንደሚቻል በሹክሹክታ አስታወሳቸው። ወይዘሮ እየሩስ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ጽፈው ፈረሙ፣ ማኅተሙን ራሳቸው መቱ፣ ካቴናው እንዲፈታ አዘዙ። ቢተው የተፈታ እጁን እያሻሸ ከሳጥኑ ወጣና ወዴት መሄድ እንዳለበት ያልገባው ሰው ሆኖ ቆመ፤ እናቱ መጥተው በክንዱ ያዙት።

ከዚያ መኳንንት ትከሻው እንደተሰበረ እጁ ላይ ካቴና ገባለትና ቢተው በወጣበት ሳጥን ውስጥ አቆሙት። ፖሊስ ምርመራውን ለማጠናቀቅ ጊዜ ጠየቀ። ዳኛዋ የቀን መቁጠሪያውን ገለጡና የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሰጡት።